ቲቪሽ ፊልም የመጣለት ይመስለዋል

ጥያቄው ይኸው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቤት ሆኜ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ የባነርና የሠርግ ካርድ ዲዛይንም እሠራለሁ። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ገዛሁ፤ ሞኒተር ለመጨመር ግን ብሩ አልበቃኝም። ወንድሜ ያመጣው 43 ኢንች ፎር ኬ ቲቪ ቤት ስላለ በአዳፕተር አገናኘሁት። ፎር ኬ ላይ ሳደርገው ማውሱ ይጎተታል። 1080 ላይ ሳደርገው ፊደሉ ይደበዝዛል። ከታች ያለው ታስክባርም ግማሹ ተቆርጧል። አንድ ጓደኛችን ‹ቲቪ ለኮምፒውተር አልተሠራም፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል› አለኝ። ቲቪውን ሸጬ ሞኒተር ልግዛ?»

አትሽጪው አቦ! ከነገርሽኝ ሦስት ችግር አንዱም የቲቪው ብልሽት አይደለም። አንዱ የአዳፕተሩ ነው፣ ሁለቱ የሴቲንግ ናቸው። እኔ ከዚራ ቁጭ ብዬ ቲቪና ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ጉዳይ የሚመጣልኝ ሰው ግማሹ እንዳንቺ ጥሩ ዕቃ ይዞ ሊሸጠው የተነሣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ጨርሶ የማይሆን ዕቃ ተሸክሞ «አስተካክልልኝ» የሚል። (አንቺ ማለቴን እንደ ድሬ ልጅ ውሰጂልኝ፣ እዚህ አገር አንቱታ ድሮም አልለመደብንም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቪና ሞኒተር ሲከፈቱ ውስጣቸው ያን ያህል አይራራቅም። ያው ፓኔል ነው፣ ያው የኋላ መብራት ነው። ቲቪ ግን በኤችዲኤምአይ የሚገባለት ነገር ሁሉ ፊልም ወይ ኳስ ይመስለዋል። ስለዚህ «ላሳምረው» ይላል። ጠርዙን ይቆርጣል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ የፊደሉን ዳር ያሾላል፣ በሁለት ምስል መሀል የሌለ ምስል ፈጥሮ ይሰካል። ለኳስ ጥሩ ነው፤ ቁጭ ብሎ ወርድ ላይ ለሚተይብ ሰው ግን መከራ ነው። ያንቺ ሥራ ቲቪውን «ተወው፣ እንደመጣልህ አሳይ» ማለት ብቻ ነው።

ከማውሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብር የሚያስወጣሽ እሱ ብቻ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7020 ከኋላው ለምስል መውጫ ሁለት ዲስፕሌይ ፖርትና አንድ ቪጂኤ ነው ያለው፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። ስለዚህ አንቺም እንደ ሁሉም ሰው ታይዋን ገበያ ገብተሽ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ትንሿን አዳፕተር ገዝተሻል ብዬ ልገምት። እነዚህ ርካሾቹ ፓሲቭ ይባላሉ። ራሳቸው ምንም አይተረጉሙም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በዲስፕሌይ ፖርቱ በኩል በኤችዲኤምአይ ቋንቋ እንዲናገር ነው የሚያደርጉት። ያ ማሽን ደግሞ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፣ የሚችለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው። 1.4 ፎር ኬን፣ ማለትም 3840 በ2160ን፣ በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ አያድስም። ሞኒተር ላይ የለመድሽው 60 ነው። በ30 ማውሱን ስትገፊው እጅሽ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀስቷ ኋላ እየዘለለች ትከተላለች። የምትዪው መጎተት ይኼ ነው።

ለማረጋገጥ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቢና ሪፍሬሽ ሬት የሚለውን እዪ። 30 ወይም 24 ካለ ነገሩ አለቀ፣ ጥፋተኛው ተያዘ።

መፍትሔው አክቲቭ የሚባለው አዳፕተር ነው። ውስጡ ቺፕ አለው፤ ከኮምፒውተሩ በዲስፕሌይ ፖርት ቋንቋ ይቀበልና ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 ራሱ ይተረጉመዋል። የማሽንሽ ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ስለሆነ ፎር ኬ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ፣ መላክ ይችላል፣ ሲያንቀው የነበረው ኤችዲኤምአዩ ነው። ከ2013 ጀምሮ የመጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ደግሞ ፎር ኬን በ60 ይሸከማል። ገመዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከቤት ዲኮደር የተነቀለ አሮጌ ገመድ ፎር ኬ 60 ላይ ስክሪኑን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፣ ወይም ነጫጭ ነጠብጣብ ይዘራበታል። ሁለት ሜትር አካባቢ የሆነ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ያዢ። ረጅም ገመድ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ርካሽ ከሆነ ከአምስት ሜትር በላይ ሲሆን ችግር መፍጠር ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አዳፕተሩንም ገመዱንም ቀይሮ ዊንዶውስ አሁንም 60 አልሰጥም ይለዋል። ምክንያቱ ቲቪው ራሱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ቆልፎ መቀመጡ ነው። ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ኤችዲኤምአይ አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ ላይ «ኤንሃንስድ ፎርማት» የሚል ሴቲንግ አለ። ለተሰካበት ቀዳዳ ካልተከፈተ ቲቪው አሮጌ ዕቃ የተሰካበት እየመሰለው ዝቅ ያለውን ብቻ ይቀበላል። አንዳንዱ ቲቪ ላይ ደግሞ ሙሉውን የሚቀበለው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ በየተራ ሞክሪያቸው።

ከዚህ በኋላም ማውሱ ትንሽ የሚያመነታ ከመሰለሽ ጌም ሞድን አብሪው። ጌም ሞድ ለተጫዋች ብቻ አይምሰልሽ፤ ሥራው ቲቪው ምስሉን ለማሳመር የሚያጠፋውን ጊዜ ማስቀረት ነው። ሳይበራ መዘግየቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል፣ ሲበራ ብዙዎቹ ቲቪዎች ላይ ከ10 እስከ 20 አካባቢ ይወርዳል።

አሁን ወደ ፊደሉ። 1080 ላይ ለምን ደበዘዘ? አንደኛው ሒሳብ ነው። 43 ኢንች ላይ 1920 በ1080 ሲዘረጋ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚደርሰው 51 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ነጠብጣብ) አካባቢ ነው። ቢሮ የምታያት 24 ኢንች ሞኒተር 92 አላት። ያንቺው ቲቪ ፎር ኬ ላይ ሲሆን 102 ይደርሳል፣ ከዚያች ሞኒተር ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቲቪሽ ጥራት አጥቶ አይደለም፣ ጥራቱን የማይጠቀምበት ሴቲንግ ላይ አድርገሽው ነው።

በእኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛ ትንሽ ቢደበዝዝም ሰው ገምቶ ያነባል። አማርኛ ላይ ግን «ሊ» እና «ሌ»ን የምትለየው እግሯ ላይ ባለች ቅጥያ ናት፣ አንዷ ሰረዝ ሌላዋ ቀለበት። «ቢ» እና «ቤ»ም እንደዚያው። ፒክስሉ ሲያንስ ቀለበቷ ውስጧ ይደፈንና ሰረዝ ትመስላለች። የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራዋን ስም አንድ ፊደል ስተሽ አምስት መቶ ቅጂ ካሳተምሽ በኋላ «ቲቪው ነው» ብትዪ ማን ይሰማሻል? ለዚህ ነው ለተየባ ሥራ 1080 ላይ አትቆዪ የምለው።

ሁለተኛው ቀለም ነው፣ ይኼን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቲቪዎች ቦታ ለመቆጠብ የብርሃኑን ዝርዝር እንዳለ ይይዙና የቀለሙን ዝርዝር ይቀንሳሉ። ከፊልም ጋር የለመዱት 4:2:0 የሚባለው አሠራር አራት ጎረቤት ፒክስል አንድ ቀለም እንዲጋሩ ያደርጋል። ፊልም ላይ ዓይን አይይዘውም። ኮምፒውተር ላይ ግን ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ፊደል ጻፊና እዪው፤ ዳርና ዳሩ ሳሙና እንደነካው ቀለም ይፈሳል። እንዲያውም መፈተኛ አድርጊው። ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ጥርት ብሎ ሰማያዊ ላይ ቀይ ከፈሰሰ ችግሩ ይኼ ነው፣ አዳፕተሩን አትውቀሺ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለቲቪው የተሰካው ኮምፒውተር መሆኑን ንገሪው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የኢንፑቱን ዝርዝር ትከፍቺና የዚያን ቀዳዳ ስም ወይም ምልክት ወደ «ፒሲ» ትቀይሪዋለሽ። ስም መቀየር ብቻ ይመስላል፣ ግን ቲቪው ይቺን ስም ሲያይ ሙሉውን ቀለም ማሳየት ይጀምራል፣ አብዛኛውን «ላሳምረው»ም አብሮ ይተዋል። ሶኒ ላይ የፒክቸር ሞዱን «ግራፊክስ» ማድረግ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ያስደሰትኩበት ጥገና ይኼ ነው፤ አንዳንዴ ገንዘብ ለመቀበል አፍራለሁ፣ ሪሞት አንሥቼ «ፒሲ» ብዬ ነው የምመልሰው።

ከዚያ ሻርፕነስን ዝቅ አድርጊ። ሻርፕነስ ጥራት አይጨምርም፣ ፊደሉ ዳር ላይ ነጭ ጥላ ነው የሚጨምረው። ሳምሰንግ ላይ ዜሮ አድርጊው። ሶኒ ላይ ግን መሀሉ፣ 50፣ ነው ምንም የማይነካው፤ ዜሮ ካደረግሽው ራሱ ያደበዝዘዋል። ሌላ ስም ያለው ቲቪ ከሆነ ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ነጩ ጥላ የሚጠፋበትን ቦታ በዓይንሽ ፈልጊ። ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ሞሽን ስሙዚንግ፣ ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚሉትን በሙሉ አጥፊ። ኢኮ ወይም ኢነርጂ ሴቪንግ የሚለውንም። እሱ ካልጠፋ ነጭ ገጽ ስትከፍቺ ስክሪኑ ይደምቃል፣ ጥቁር ስትከፍቺ ይደበዝዛል፣ አንቺም ቀኑን ሙሉ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ስትገልጪ ትውያለሽ። በመጨረሻ ዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ክሊርታይፕ» ብለሽ ከፍተሽ የሚመጡልሽን ናሙናዎች እያየሽ ጥርት ያለውን ምረጪ።

የተቆረጠው ታስክባር ኦቨርስካን ይባላል። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉ ጠርዝ ተጣሞ ስለሚወጣ ዳሩን ከፍሬሙ ኋላ ይደብቁት ነበር። ቱቦው ቀረ፣ ልማዱ አልቀረም። ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚለውን ፈልጊ፤ ከ16:9 ወደ «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፉል ፒክስል» ቀይሪው፣ ስሙ እንደ ቲቪው ነው። ከኮምፒውተሩ በኩል ምስሉን አሳንሰሽ ለማስገባት አትሞክሪ። ታስክባሩ ይታይልሻል፣ ግን ምስሉ ተጨምቆ ፊደሉ እንደገና ይደበዝዛል። ብዙ ልጆች እንዲህ «አስተካክለው» ያመጡልኛል።

የጓደኛችሁ ነገር። ቲቪ ዓይን አያጠፋም። ከቲቪ የሚወጣው ብርሃን ከሞኒተር የሚለይበት ተንኮል የለውም። ዓይን የሚደክመው ብርሃኑ ሲበዛ፣ በጣም ሲቀርብና አተኩረን ዓይናችንን ማርገብገብ ስንረሳ ነው። ቲቪ የተሠራው ሦስት ሜትር ርቀሽ ሳሎን ውስጥ እንድታዪው ስለሆነ ከሱቅ ሲወጣ ብርሃኑ ጣሪያ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ነሽ። ባክላይት የሚለውን፣ የኋላ መብራቱን ማለት ነው፣ ወደ 30 ወይም 40 አውርጂው፤ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ይዘሽ ከስክሪኑ ነጭ ጋር አስተያዪው፣ ከተቀራረበ በቂ ነው። ብራይትነስ የሚለውን ሳይሆን ባክላይት የሚለውን ነው ያልኩሽ፣ ብዙ ቲቪ ላይ ይለያያሉ።

ይኼን የምለው ለዓይንሽ ብቻ አይደለም። ድምፅ አለ ምስል የለም ተብሎ ከሚመጣልኝ ቲቪ ብዙው ሌላ ምንም ሳይሆን የኋላው የኤልኢዲ መብራት ተቃጥሎ ነው። ባትሪ አብርተሽ ስክሪኑ ላይ ብታስጠጊው ምስሉ ድንግዝግዝ ብሎ ከውስጥ ይታያል። መብራቱን የሚገድለው ሙቀት ነው። ቲቪ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበራል፣ ኮምፒውተር የሆነ ቲቪ ግን ቀኑን ሙሉ ይበራል፣ በዚያ ላይ የሰኔ የድሬ ሙቀት አለ። ባክላይቱን 100 ላይ ትተሽ በቀን አሥር ሰዓት ብትሠሪበት ራስሽ ነሽ ወደ እኔ የምታመጪው። ከግድግዳውም ትንሽ አራርቂው፣ ኋላው አየር ያግኝ።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አላወራም። 43 ኢንች ወርዱ 95 ሳንቲሜትር ነው። የተለመደው ጠረጴዛ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ስላለው እግሩ ላይ ብታቆሚው አፍንጫሽ ሥር ይሆናል፣ ዳርና ዳር ለማየት አንገትሽን ስታዞሪ ትውያለሽ። ግድግዳ ላይ ስቀዪውና ጠረጴዛውን ትንሽ ሳቢው፣ ከ80 ሳንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ይሁን። ሲሰቀልም እንደ ሳሎን ቲቪ ከፍ አይበል፣ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ብዙም እንዳያልፍ። በዚህ ርቀት ላይ የዊንዶውስ ስኬሉን፣ የፊደሉንና የምልክቱን መጠን ማለቴ ነው፣ 125 ወይም 150 በመቶ አድርጊ። መስኮት ከኋላሽ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ቲቪ ስክሪኑ ያብለጨልጫል፣ ከጽሑፉ ይልቅ ግቢውን ነው የምታዪው።

ለባነር ሥራሽ፦ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ሞድ ላይ ዲዛይን አትሥሪ። እዚያ ላይ ያበደው ቀይ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ደም ይቀንስበታል፣ ደንበኛው ደግሞ አንቺን ነው የሚጠይቀው። «ሙቪ» ወይም «ስታንዳርድ» ይሻላል። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለሽ፣ ወይም ጥቁር ልብስ ላይ ያለው ዝርዝር ሁሉ ከተዋጠ፣ ኮምፒውተሩና ቲቪው በቀለም መጠን አልተግባቡም። አንዱ ከ0 እስከ 255 ይልካል፣ ሌላው ከ16 እስከ 235 ይጠብቃል። ቲቪው ላይ «ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል» የሚለውን ወዲያና ወዲህ ቀይረሽ የሚስማማውን ያዢ።

አሁን የምልሽን ግን በደንብ ስሚኝ፣ ይኼ ሴቲንግ አይደለም፣ ዕቃ የሚያቃጥል ነው። ብዙ ቤታችን ያለው ሶኬት መሬት የለውም፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሽቦ አልተሳበም። መሬት የሌለው ኮምፒውተር ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ኮረንቲ ይሸከማል። በባዶ እግርሽ ሆነሽ ከኋላ ስትነኪው ነዘር ያደረገሽ ጊዜ የለም? እሱ ነው። የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ቮልቱ የመስመሩን ግማሽ ያህላል። ቲቪሽ ደግሞ የዲሽ ገመድ ያለበት ዲኮደር ከተሰካበት በዚያ በኩል ጣሪያው ላይ ካለው ብረት ጋር ተያይዟል። ሁለቱም በርተው ሳለ ኤችዲኤምአዩን ስትሰኪ ያ ኮረንቲ በቀጭኗ የሲግናል እግር በኩል ይሮጥና ቀዳዳውን ሊገድለው ይችላል። ስንቱን ጥሩ ቲቪ «ኖ ሲግናል» እያለ ከፍቼ የኤችዲኤምአይ ቺፑ ሞቶ አገኘሁት መሰለሽ። ስለዚህ ኤችዲኤምአይ ስትሰኪም ስትነቅዪም ሁለቱንም ከሶኬት ንቀዪ፣ የዲሽ ገመዱንም አስወጪ። ሲሰካ ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይሁኑ። ከቻልሽ ኤሌክትሪሻን ጠርተሽ መሬት አስገቢ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ንቀዪው፣ ሲመለስ በመጀመሪያው ደቂቃ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ዩፒኤስ ካለሽ ደግሞ 43 ኢንች ቲቪ ከሞኒተር ሁለት ሦስት እጥፍ እንደሚበላ አስቢ፤ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ ለማጥፋት እንጂ ለመቀጠል አትመኪበት።

ቲቪሽ 43 ፎር ኬ ባይሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ባለፈው አንድ ልጅ 32 ኢንች ይዞ መጣ፣ ካርቶኑ ላይ «ኤችዲ ሬዲ» ይላል። ፒክስሉ 1366 በ768 ብቻ ነው፣ በኢንች 49። 1080 ስትልኪለት እሺ ብሎ ይቀበልና ውስጡ አሳንሶ ያሳይሻል፣ ሰውም 1080 የገዛ ይመስለዋል። ልጁን ቲቪውን ሽጠው አልኩት፣ ያገለገለች 22 ኢንች ሞኒተር ትሻልሃለች። ኦኤልኢዲ ቲቪ (የኋላ መብራት የሌለው፣ ፒክስሉ ራሱ የሚያበራው) ቢሆን ደግሞ ታስክባሩ ለዓመታት እዚያው እየቆመ ጥላው ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል ለቀን ሥራ አልመክርም ነበር። ቲቪ እንደ ሞኒተር ኮምፒውተሩን ተከትሎ አይበራም አይጠፋም፣ ሪሞቱን አጠገብሽ አድርጊ፤ ለዚህ መፍትሔ የለኝም።

አዳፕተሩን ልትገዢ ስትሄጂ «አክቲቭ ነው» በሚለው ቃል ብቻ አትመኚ፤ ሁሉም ሻጭ አዎ ይላል። ማሸጊያው ላይ ፎር ኬ 60 ኸርዝ የሚለውን አንብቢ፣ አቅጣጫውም ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ መሆኑን እዪ፣ በተቃራኒው የተሠራው አይሠራልሽም። የሚሻለው ግን ማሽንሽን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ፎር ኬ ቲቪ ሰቅሎ የሚሸጥ ሱቅ መሄድና እዚያው አሰክቶ መሞከር ነው። አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ 60 ሳታዪ ብርሽን አትስጪ።